በፊደላት ላይ የተደረበውን የላፕቶፕ የቁጥር ሰሌዳ አጠቃቀም

በድሬዳዋ ከዚራ ባሉ የትራንዚት ቢሮዎች፣ በዚያው ከተማ ታይዋን በተባለው ገበያ የጅምላ መደብሮች ወይም በሐረር የቡና መጋዘኖች ላፕቶፕ ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች ከሚጽፉት ውስጥ አብዛኛው ቁጥር ነው። የዲክላራሲዮን ቁጥር፣ የኮንቴይነር ክብደት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የዕለት ሽያጭ ሁሉም በየተራው ይገባል። ይህን ሁሉ በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ በአንድ መስመር በተደረደሩት አሥር ቁጥሮች መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱም እጆች ስለሚያዙና ዓይን በየጊዜው ከደረሰኙ ወደ ኪቦርዱ ስለሚመለስ ሥራው ይጓተታል፣ ስሕተቱም ይበዛል። በዴስክቶፕ ኪቦርድ ቀኝ ጫፍ ላይ እንደ ካልኩሌተር ተደርድሮ የምናገኘው የቁጥር ሰሌዳ ይህን ያቃልላል፤ በትናንሽ ላፕቶፖች ላይ ግን ለእርሱ የሚሆን ቦታ የለም። አምራቾች ለዚህ ያገኙት መላ ሰሌዳውን በቀኝ እጅ በኩል ባሉት ፊደላት ላይ መደረብ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ያንን ድርብ ሰሌዳ እንዴት እንደሚያገኙት፣ እንደሚያበሩት፣ እጅዎን እንደሚያለማምዱበት፣ ሳይፈልጉት በርቶ ሲያስቸግርዎት ደግሞ እንዴት እንደሚያጠፉት ነው።

መኖሩን ማረጋገጥ

በቅድሚያ ኪቦርዱን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት። ስክሪናቸው 15.6 ኢንች የሆነ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ራሱን የቻለ የቁጥር ሰሌዳ ስላላቸው ድርቡን አይፈልጉም። ድርብ ሰሌዳ የሚገኘው በ13 እና በ14 ኢንች ላፕቶፖች፣ በተለይም በሁለተኛ እጅ ገበያ በሚዘዋወሩት የቆዩ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ዩ፣ አይ እና ኦ በተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁልፎች ጥግ ወይም የፊት ጠርዝ ላይ 4፣ 5 እና 6፤ ጄ፣ ኬ እና ኤል ላይ 1፣ 2 እና 3፤ ኤም ላይ ደግሞ 0 በትንንሽ አኃዝ፣ ብዙ ጊዜም ከፊደሉ በተለየ ቀለም ታትመው ይታያሉ። 7፣ 8 እና 9 በላይኛው ረድፍ ላይ ባሉበት ይቆያሉ፤ ነጥብም በነጥብ ቁልፍ ላይ ይሆናል።

የመደመር፣ የመቀነስ፣ የማባዛትና የማካፈል ምልክቶች ቦታ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በ0፣ በፒ፣ ከኤል ቀጥሎ ባለው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ በተደራረቡበት ቁልፍ፣ እንዲሁም በታችኛው ረድፍ ባለው የእዝባር (/) ቁልፍ ላይ ይከፋፈላሉ፤ በአንዱ ላፕቶፕ የማባዣው ምልክት በፒ ላይ ሲሆን በሌላው በ0 ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ላፕቶፕ የለመዱትን ሳይሆን በራስዎ ቁልፎች ላይ የታተመውን ይከተሉ። በጅቡቲ በኩል የገባ የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ ከገጠመዎትም የፊደሉን ስም ሳይሆን ቦታውን ይያዙ፤ በዚያ አቀማመጥ ኤም ከኤል ቀጥሎ ስለሚገኝ የ0 ቦታ ከጄ በስተቀኝ ታች ያለው የነጠላ ሰረዝ ቁልፍ ነው። የፈረንሳይኛው ኪቦርድ የላይኛው ረድፍ ቁጥር የሚጽፈው ሺፍት ሲያዝ በመሆኑ ድርቡ ሰሌዳ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ኪቦርድ ባለቤት ነው።

በፊደላቱ ላይ ምንም ትንንሽ አኃዝ ካልታተመ ላፕቶፑ ድርብ ሰሌዳ የለውም ብሎ መውሰድ ይቻላል፤ በቅርብ ዓመታት የሚሠሩ ቀጫጭን ላፕቶፖች በአብዛኛው ትተውታል። አንዳንድ የአሱስ ላፕቶፖች ደግሞ የቁጥር ሰሌዳውን ወደ ታችፓዱ አዛውረውታል፤ በታችፓዱ የላይኛው ቀኝ ጥግ ባለው ምልክት ላይ ጣት ለአንድ ሰከንድ ያህል ሲያርፍ ቁጥሮቹ በብርሃን ይታያሉ፣ በዚያው መንገድም ይጠፋሉ።

ማብራትና ማጥፋት

ሰሌዳውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ነም ሎክ የሚባለው ቁልፍ ነው። በትናንሽ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ብዙውን ጊዜ ከስክሮል ሎክ ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ፣ አለዚያም በላይኛው ረድፍ ካሉት የኤፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ ተዳብሎ ይገኛል። በብዙዎቹ የቆዩ የቶሺባ ላፕቶፖች ለምሳሌ ኤፍ 11 ላይ ነው። ስሙ በሌላ ቀለም ከተጻፈ ከኪቦርዱ የታችኛው ግራ ጥግ አካባቢ ያለውን ኤፍ ኤን የተባለውን ቁልፍ ይዘው፣ ሳይለቁት ያንን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ለማጥፋትም ይህንኑ ይደግማሉ።

ኤፍ ኤንን ሳይዙ መጫን የሚያስከትለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ቁልፍ ላይ ባሉበት ላፕቶፕ እንዲህ ሲደረግ የሚበራው ስክሮል ሎክ ነው። ያን ጊዜ በኤክሴል የቀስት ቁልፎችን ሲጫኑ ከሴል ወደ ሴል መሄድ ይቀርና ሠንጠረዡ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ብዙ ሰው ይህን የፋይሉ ብልሽት አድርጎ ይወስደዋል። መፍትሔው ያንኑ ቁልፍ እንደገና መጫን ብቻ ነው።

ሰሌዳው መብራቱን ለማወቅ ትንሽ የነም ሎክ መብራት ያላቸው ላፕቶፖች ላይ እርሱን ማየት ይበቃል። መብራት ለሌላቸው ዊንዶውስ የድምፅ ምልክት አለው፤ በቅንብሮች ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ክፍል ስለ ኪቦርድ የተጻፈውን ገጽ ከፍተው፣ የካፕስ ሎክ፣ የነም ሎክና የስክሮል ሎክ ቁልፎች ሲጫኑ ድምፅ እንዲሰማ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩት። ከዚያ በኋላ ሲበራ ቀጠን ያለ፣ ሲጠፋ ወፈር ያለ ድምፅ ይሰማሉ። ቁጥርና ጽሑፍ እያፈራረቀ ለሚሠራ ሰው ይህን ቅንብር ማብራት በዚህ መመሪያ ከተጠቀሱት ሁሉ በመጀመሪያ እንዲደረግ የምመክረው ነው፤ የድርቡ ሰሌዳ ችግር በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው የበራውንና የጠፋውን ካለማወቅ ነውና።

በጽሑፍ መካከል አንድ ሁለት አኃዝ ብቻ ለሚያስገባ ሰው ሰሌዳውን ማብራት አያስፈልገውም። በአንዳንድ ላፕቶፖች ነም ሎክ ጠፍቶ እያለ ኤፍ ኤንን ይዞ ዩን መጫን 4ን፣ ጄን መጫን 1ን ይጽፋል፤ ኤፍ ኤን ሲለቀቅ ፊደላቱ ወዲያው ይመለሳሉ። ይህን አንድ ጊዜ ሞክረው ላፕቶፕዎ የሚቀበል መሆን አለመሆኑን ይለዩ።

እጅን ማለማመድ

ካልኩሌተርና የዴስክቶፕ ሰሌዳ የለመደ ሰው በድርቡ ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የሚሰናከለው በጣቶቹ ማረፊያ ነው። በሙሉው ሰሌዳ 5 ላይ ትንሽ እብጠት ስላለች የመሐል ጣት በእርሷ ላይ ያርፋል፣ አመልካች ጣት 4ን፣ የቀለበት ጣት 6ን ይይዛል። በላፕቶፕ ላይ ግን እብጠቷ ያለችው በጄ ላይ ሲሆን ጄ 1 ነው። እጁ በልማድ እብጠቷን ፈልጎ ሲያርፍ አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውየው 456 ጻፍሁ ሲል የተጻፈው 123 ይሆናል።

ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ጄን ማረፊያ አድርጎ 1፣ 2፣ 3ን የመነሻ ረድፍ ማድረግ ነው፤ ይህ ያለ ካልኩሌተር ልማድ ለሚጀምር ሰው ይቀላል። ሁለተኛው አመልካች ጣትን በጄ አሳርፎ ቦታውን ካረጋገጡ በኋላ ሦስቱንም ጣቶች አንድ ረድፍ ከፍ አድርጎ በዩ፣ በአይና በኦ ላይ ማስቀመጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ያዥ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ የቆየ የጣት ልማዱን አያፈርስበትም፤ ከ7 እስከ 0 ያለው ርቀትም ከመሐል ሲጀመር ያጥራል። የላፕቶፕ ቁልፎች ረድፍ በረድፍ ዘንበል ብለው ስለሚደረደሩ 7፣ 4፣ 1 እና 0 ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ እየወረዱ ወደ ቀኝ ያጋድላሉ። ስለዚህ ክርንን ትንሽ ወደ ውጭ ማውጣት የእጅ አንጓን ከመጠምዘዝ ያድናል። 0ን በአውራ ጣት መጫን የሚመቻቸው አሉ፤ ጠባብ ኪቦርድ ላይ ግን አመልካች ጣትን ማውረድ ይሻላል።

ለልምምድ ባዶ የኤክሴል ገጽ ከፍተው፣ ሰሌዳውን አብርተው 147፣ 258 እና 369ን በአንድ ዐምድ አንዱን ከሌላው በታች ያስገቡ፤ ድምሩ 774 መምጣት አለበት። ቀጥሎም 123፣ 456 እና 789ን ያስገቡ፤ ድምሩ 1368 ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት መውረዱን፣ ሁለተኛው ወደ ጎን መሄዱን ይፈትናል። ኪቦርዱን ሳያዩ 12345679ን በ9 አባዝተው መልሱ ዘጠኝ ጊዜ 1 ብቻ ሆኖ ከመጣ እጅዎ ለሥራ ደርሷል።

በስልክ ቴሌብር ሲጠቀሙ የሚያዩት የቁጥር አደራደር 1፣ 2 እና 3ን ከላይ ያደርጋል፤ የካልኩሌተርና የላፕቶፕ ሰሌዳ ደግሞ 7፣ 8 እና 9ን ከላይ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ በስልክ የሚሠራ ሰው ወደ ላፕቶፕ ሲዞር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁጥሮች ቀስ ብሎ ቢያስገባ መልካም ነው።

በኤክሴል ላይ ሥራን ማቅለል

በሰሌዳው ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት ስለሌለ ቀመር ለመጻፍ እጅን ማንሣት ግድ ይመስላል፤ ነገር ግን ኤክሴል በመደመር ምልክት የሚጀምርን ቀመርም ይቀበላል። ለምሳሌ በሐረር ቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ በመሆኑ 48 ፈረሱላን ወደ ኪሎ ለመለወጥ +48*17 ብለው ኢንተርን ሲጫኑ 816 ይመጣል። የማባዣው ምልክት በፒ ላይ ባለበት ላፕቶፕ ከመደመር ምልክቱ በኋላ የሚጫኗቸው ቁልፎች ዩ፣ 8፣ ፒ፣ ጄ፣ 7 ናቸው። በ2400 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ለማስላትም +2400*0.15 ሲሉ 360 ያገኛሉ። በአንጻሩ ባዶ ሴል ላይ ቆመው በማካፈያው ምልክት አይጀምሩ፤ ኤክሴል ይህን ቁልፍ የሜኑ መጥሪያ አድርጎ ስለሚወስደው የጻፉት ሳይገባ በሜኑው ላይ ፊደላት ይደረደራሉ። እንዲህ ከሆነ ኢስኬፕን ተጭነው ይመለሱ።

ከዜሮ የሚነሡ ቁጥሮች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አኃዝ አለው፤ ብዙ ጊዜም በ00 ይጀምራል። 0012345678 ብለው ሲያስገቡ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ዜሮዎቹን ጥሎ 12345678 ያደርገዋል፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ይጎድላል። ማስገባት ከመጀመርዎ በፊት ዐምዱን መርጠው ዓይነቱን ጽሑፍ ወደሚለው ይለውጡት። በማካፈያው ምልክት የሚጻፍ የኢትዮጵያ ቀንም ያሳስታል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብሎ ያስገባ ሰው፣ ላፕቶፑ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ፣ የፈረንጆችን ሜይ 13 ቀን 2016 እንዳስገባ ይቆጠርበታል። የቀኑን ዐምድም እንደዚያው ወደ ጽሑፍ መለወጥ ይገባል።

ድምሩ አልገጥም ሲል

ያስገቡትን ዐምድ ሲመርጡ ኤክሴል በገጹ ግርጌ ድምሩን ያሳያል፤ ይህን ከደረሰኞቹ ድምር ጋር ያስተያዩ። ልዩነት ከተገኘ ሁሉንም ከመጀመሪያው ከመቁጠር በፊት ልዩነቱን ራሱን ማንበብ ጊዜ ያተርፋል፤ ድርብ ሰሌዳ የሚያሠራቸው ስሕተቶች የየራሳቸው ምልክት አላቸውና።

ሰሌዳው ሦስት ሦስት ሆኖ የተደረደረ ስለሆነ ጣት አንድ ረድፍ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አኃዙ በ3 ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። 4560 መግባት ሲገባው በዩ ፈንታ ጄ ከተጫነ 1560 ይሆናል፤ ልዩነቱም 3000 ነው። ልዩነቱ 3፣ 30፣ 300 ወይም 3000 ሆኖ ሲገኝ እንግዲህ አንድ አኃዝ ብቻ ከረድፉ ወጥቷል ብለው ይጠርጥሩ፤ የሳተውም በአንድ ቤት፣ በአሥር ቤት፣ በመቶ ቤት ወይም በሺህ ቤት መሆኑን ልዩነቱ ራሱ ይነግርዎታል። 333 ሲመጣ ደግሞ እጁ በሙሉ አንድ ረድፍ ተዛውሮ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር መጻፉ ነው። ልዩነቱ 1፣ 10 ወይም 100 ከሆነ ጣት ወደ ጎን ሄዷል፤ ከ3 ወደ 4 ወይም ከ6 ወደ 7 የመሳት ዕድል ግን አነስተኛ ነው፣ በሰሌዳው ላይ ጎረቤት አይደሉምና።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 5400 በ4500 ፈንታ ሲገባ ልዩነቱ 900 መሆኑ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ የቆየ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኞች ዘዴ በማንኛውም ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ የረድፉ ዘዴ ግን 1፣ 4 እና 7 አንዱ ከሌላው በላይ በሚቆሙበት ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው።

ፊደል ተጭነው ቁጥር ሲወጣ

ብዙ ሰው ስለ ድርቡ ሰሌዳ መኖር የሚያውቀው በዚህ ችግር ነው። ላፕቶፑ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጽፋል፤ አልቀበልም ይለዋል፤ ደግሞ ይጽፋል፤ ያው ነው። የይለፍ ቃሉ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን በዩ ፈንታ 4፣ በኤል ፈንታ 3 መግባቱ አይታየውም። እንዲህ ሲያጋጥምዎት የይለፍ ቃሉን ከመለወጥዎ በፊት የተጻፈውን የሚገልጠውን የዓይን ምልክት ተጭነው ይመልከቱ፤ ምልክቱ ከሌለ በተጠቃሚ ስም ሳጥን ውስጥ ጄ፣ ኬ፣ ኤልን ጽፈው ይሞክሩ። 123 ከወጣ ኤፍ ኤንን ይዘው ነም ሎክን ያጥፉት።

በአማርኛ ሲጽፉ ሁኔታው ትንሽ ይለያል። እንደ ድምፃቸው በእንግሊዝኛ ፊደላት በሚጻፍበት የአማርኛ ኪቦርድ ላይ የግራ እጅ ፊደላት በትክክል ሲወጡ የቀኝ እጆቹ ቁጥር ይሆናሉ፤ ሰላም ለማለት ሲሞክሩ ሰ በደንብ ይወጣና በል ቦታ 3፣ በም ቦታ 0 ይመጣል። ግማሹ አማርኛ ግማሹ ቁጥር የሆነ ጽሑፍ ሲያዩ የአማርኛውን ሶፍትዌር እንደገና ለመጫን አይቸኩሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ቁልፍ ነው።

ውጫዊ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሲሰካም ይህ ሊከሰት ይችላል። በውጫዊው ኪቦርድ ላይ ነም ሎክ ሲበራ በአንዳንድ ላፕቶፖች የውስጡ ድርብ ሰሌዳም አብሮ ይበራል፤ ውጫዊውን ነቅለው ሲሄዱ የላፕቶፑ ፊደላት ቁጥር እንደሆኑ ይቀራሉ። ከመንቀልዎ በፊት ነም ሎክን ያጥፉ። በአንዳንድ የቢሮ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የቅንብር ገጽ፣ ድርቡ ሰሌዳ በኤፍ ኤን ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ ስላለ እርሱን መምረጥ ችግሩን ከሥሩ ይዘጋዋል።

ራሱን የቻለ ሰሌዳ ያላቸው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፖች ችግራቸው ተቃራኒው ነው። ነም ሎክ ሲጠፋ 8፣ 2፣ 4 እና 6 ቀስት፣ ነጥቡ ደግሞ የማጥፊያ ቁልፍ ይሆናሉ። በኤክሴል 12.50 እጽፋለሁ ሲሉ ቁጥሩ ሳይገባ መጠቆሚያው ከሴል ሴል ይዘላል፤ ነጥቡ ሲጫንም በዚያ ሴል የነበረው ይሰረዛል። ወዲያውኑ ኮንትሮልና ዜድን አብረው በመጫን ይመልሱት፤ ነም ሎክንም ያብሩ።

በኪቦርዱ ላይ የሌሉ ምልክቶች

በዊንዶውስ የአልት ቁልፍን ይዞ በቁጥር ሰሌዳው ኮድ በመጻፍ ልዩ ምልክቶችን ማስገባት ይቻላል፤ ይህ በላይኛው ረድፍ ቁጥሮች አይሠራም። መጀመሪያ የቋንቋ ምርጫውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ሰሌዳውን ያብሩ፤ የግራውን አልት ይዘው ኮዱን ጽፈው ይልቀቁ። የዲግሪ ምልክት ° ኮዱ 0176 ሲሆን የሚጫኑት ኤም፣ ጄ፣ 7 እና ኦን ነው። ½ በ0189 ይወጣል። ከጅቡቲ ጋር በፈረንሳይኛ ለሚጻጻፉ ሰዎች ከላይዋ ጭረት ያለባት ኢ በ0233 ትገኛለች፤ ቁልፎቹ ኤም፣ ኬ፣ ከዚያም ኤል ሁለት ጊዜ ናቸው።

ሰሌዳው ለሌላቸው

የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ኦን አብረው ሲጫኑ በዊንዶውስ 10 እና 11 በስክሪን ላይ ኪቦርድ ይወጣል፤ አማራጮች የሚለውን ከፍተው የቁጥር ሰሌዳውን እንዲያሳይ ያድርጉ። ይህ በመዳፊት እየተጫኑ ረጅም ዐምድ ለማስገባት አይመችም፤ ዋናው ጥቅሙ የነም ሎክ ወይም የስክሮል ሎክ ቁልፍ የሌለው ላፕቶፕ ላይ የበራውን ለማጥፋት ነው።

በየቀኑ ረጃጅም ዝርዝር የሚያስገባ ሰው ግን ድርብ ሰሌዳ ቢኖረውም እንኳ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ቢገዛ እመክራለሁ፤ ቁልፎቹ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ናቸው፣ 5 ላይም እብጠቷ አለች። ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ሰክተው አሥሩንም አኃዞች፣ ነጥቡንና ኢንተርን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ከዚያም በውጫዊው ላይ ነም ሎክን አብርተው በላፕቶፑ ኪቦርድ ጄ፣ ኬ፣ ኤልን ይጻፉ። ፊደላቱ እንደነበሩ ከወጡ ሁለቱ አይጋጩም፤ 123 ከወጣ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰውን የባዮስ ምርጫ ማስተካከል ይኖርብዎታል።